የልሙጥ ተጠቃሚዎች

አክሊልን የጎዳው በሰው መወደዱ ነው። ሌላው አዲስ ሥራ ሲጀምር ጎረቤት ያማዋል፣ ዘመድ «ይሄ ደግሞ ምን ሊሆን ነው» እያለ ከንፈሩን ይመጥለታል። እሱን ግን ከቀጨኔ ዳገት እስከ ሸጎሌ ድረስ ያገኘው ሁሉ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ «በርታ» ይለዋል። በርታ የሚሉት ምን ላይ እንደሆነ የሚነግረው የለም እንጂ፣ ከበርታ ብዛት ሰው ቢወፍር ኖሮ አክሊል በበሩ አይገባም ነበር።

ሥራው ምን መሰላችሁ፣ ልሙጥ የሚባል የማስታወሻ መጻፊያ ሠርቷል፤ የኮምፒውተር ነው። ለምን ለስልክ አልሠራኸውም ብላችሁ እንዳትጠይቁት፣ ቀኑን ያስመሽባችኋል። ሰው ተቀምጦ ሲጽፍ ነው የሚያስበው የሚል የራሱ እምነት አለው። ልሙጥን ስትከፍቱት ነጭ ገጽ ይመጣል። በቃ፣ ሌላ ምንም የለም። የሚጫኑት ነገር የለው፣ ቀለም የለው፣ «ላስቀምጠው ወይስ ልተወው» እያለ አይጨቀጭቃችሁ። ትጽፋላችሁ፣ ትዘጋላችሁ፣ ስትመለሱ የጻፋችሁት እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል። ስሙንም ያወጣለት መስመር ከሌለው ከልሙጥ ወረቀት ነው።

ይህን ምንም የሌለበት ነገር አብራው የሠራችው ሲና ናት። እሱ ውስጡን ሲጽፍ እሷ መልኩን ታወጣለች። ሥራሽ ምንድነው ሲሏት «አጠፋለሁ» ነው መልሷ፤ አልዋሸችም፣ አክሊል የሚጨምረውን ሁሉ እግር በእግር እየተከተለች ስታጠፋ ነው የከረመችው። አንድ ቸርች ነው ያደጉት። እሷ ኳየር ውስጥ ትዘምራለች፣ እሱ የድምፅ ማጉያውን ይነካካል፣ ማጉያው ሲጮህ መጀመሪያ ዞራ የምትገላምጠው እሷ ናት። አክሊል ያቺን ግልምጫ ከመዝሙሩ አስበልጦ ይወዳታል፤ ይህን ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም።

ታዲያ ባለፈው ሰሞን ሲና አንድ ነገር ነገረችው። ቦሌ ያለ ድርጅት ለሥራ ጠርቷታል፣ ደመወዙም ጥሩ ነው፣ ሰኞ መልስሽን አሳውቂን ብለዋታል። አክሊል አልተዋጠለትም። በአፉ ግን ሳቅ ብሎ እንኳን ደስ አለሽ፣ ተባረኪ አላት። እሷም ትንሽ አየችውና ሌላ ወሬ ጀመረች።

ወሬው ሲያልቅ ግን ተመለሰችበት። ልሙጥን ትታ መሄድ እንዳልወሰነች፣ ነገር ግን የሚፈልገው ሰው መኖሩን ማወቅ እንዳለባት ነገረችው።

«የሚያመሰግን ሰው አታምጣልኝ» አለችው። «ብናጠፋበት የሚቆጣ አንድ ሰው አሳየኝ። አንድ ይበቃኛል። እስከ ሰኞ።»

አክሊል ሳቀ። አንድ? እሱ እኮ በቴሌግራም የልሙጥ ተጠቃሚዎች የሚባል ግሩፕ አለው። ስልኩን አውጥቶ ያነብላት ጀመር። ከኳየሩ ስብሐት «ልሙጥ ሕይወቴን ለውጦታል፣ ጌታ ዘመንህን ይባርከው» ብሏል። አንዷ «ዋው፣ ሌላ ቃል የለኝም» ብላለች፤ እውነትም ሌላ ቃል አልነበራትም። ሌላው ቃል ማባከን ሳያስፈልገው የእሳት ምልክት በእሳት ላይ ደርድሯል። ይህ እንግዲህ የጽሑፉ ነው። አንድ እሁድ ከወጣቶች ፕሮግራም በኋላ አስተያየት ስጡኝ ብሎ ቢለምን፣ አንድ በአንድ እየተነሱ ምስክርነት ሰጡት። ከልሙጥ በፊት ሐሳባቸው የተበተነ እንደነበረ፣ አሁን ግን እንደተሰበሰበ ተናገሩ። ከኋላ የተቀመጡት አሜን አሉ። መሪው በጸሎት ዘጋው።

ሲና ሁሉንም ሰምታ ጨረሰችና ይሄ የሰርግ መልካም ምኞት እንጂ አስተያየት እንዳልሆነ ነገረችው። አክሊል ተቀየመ። ቆይ አሳይሻለሁ ብሎ ተለያት።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቸርች ቢሮ ወጣ። የቢሮው ጸሐፊ እትዬ መሰለች ናቸው። አክሊልን በሰንበት ትምህርት ቤት ፊደል ያስቆጠሩት፣ ሲያስነጥስ እንኳ «ጎበዝ» የሚሉት ሴት ናቸው። ኮምፒውተራቸውን አቧራ እንዳይነካው በዳንቴል ይሸፍኑታል፤ ሲሠሩበት ዳንቴሉን ከፊቱ ገለጥ አድርገው እንደ ነጠላ ከላዩ ላይ ይጥሉለታል። ረቡዕ ዕለት የሴቶችን ጸሎት ፕሮግራም በሙሉ በልሙጥ እንደጻፉ በግሩፑ ላይ አስታውቀው ነበር። አክሊል የመጣው እኚህን ሴት በስልኩ ሊቀርጽ ነው። ሲጽፉ ቀርጾ፣ «ይሄን ብናጠፋብዎት ምን ይላሉ» ብሎ ጠይቆ፣ ቪዲዮውን ለሲና ሊወስድላት።

እትዬ መሰለች ደስ አላቸው፣ ባረኩት፣ ከዚያ ሻይ ካልጠጣህ አሉ። ሻዩ ተጠጣ። መነጽራቸውን መፈለግ ጀመሩ፤ መነጽሩ አንገታቸው ላይ ነበር። መብራት ሊሄድ ይችላል ብለው ሰጉ። መብራቱ አልሄደም። እንዲህ ሆኜማ አልቀረጽም ብለው ሻሻቸውን አስተካከሉ። መቼም ሰው ለመቀረጽ ይሽኮረመማል ብሎ አክሊል ታገሠ። በመጨረሻ የሚሉት ሲያልቅባቸው ማውሱን ያዙና የልሙጥን ምልክት ተጫኑ።

ነጩ ገጽ ብልጭ አለና ጠፋ። ደግመው ተጫኑ። ብልጭ፣ ጠፋ።

«እንግዳ ሲያይ ያፍራል» አሉ እትዬ መሰለች።

አክሊል ስልኩን አስቀምጦ ራሱ ተቀመጠና ሞከረው። ያው ነው። ባለፈው እሁድ ልሙጥን ትንሽ አሻሽሎ ለሁሉም ልኮ ነበር። ማሻሻያው በየሰው ኮምፒውተር ሳይጠይቅ፣ ሳያስቸግር፣ ድምፁን አጥፍቶ ነው የሚገባው፤ በዚህም ሲኮራ ነበር። እንግዲህ ያ ማሻሻያ ልሙጥን ገድሎታል ማለት ነው። የእትዬ መሰለችን ብቻ ሳይሆን የሁሉንም።

«እትዬ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነብዎት?»

«ኧረ ምንም አይደለም፣ አትጨነቅ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

እትዬ መሰለች የዳንቴሉን ጫፍ ማስተካከል ጀመሩ። ከሰኞ ጀምሮ መሆኑን በቀስታ ተናገሩ። ታዲያ ረቡዕ በልሙጥ ጻፍኩ ያሉኝስ ብሎ ሲጠይቃቸው ፊታቸው ቀላ።

«ለፍተህ የሠራኸውን ተበላሸ ብዬ ልብህን ልስበረው እንዴ ልጄ? እኔ ለሰው አልተናገርኩም። ጸልዬበታለሁ። ይከፈታል ብዬ አምናለሁ።»

እዚህ ላይ ምን ይባላል። አንድ ሳምንት ሙሉ የሞተን አፕ እትዬ መሰለች እንደታመመ ዘመድ በጸሎት ይዘውታል፣ ለባለቤቱ ግን ደህና ነው እያሉ ይልኩበታል። አክሊል ቀስ ብሎ፣ ከመበላሸቱ በፊትስ ይጽፉበት ነበር ወይ አላቸው። ሁለቴ ጽፌበታለሁ አሉ። ሁለተኛውን ራሳቸውም የተጠራጠሩት ይመስላል።

በረንዳው ላይ ወጣና ግሩፑን ከፈተ። የሳምንቱን አስተያየት ከላይ እስከ ታች አነበበ። ልሙጥ በየቤቱ ብልጭ ብሎ በሚጠፋበት በዚያ ሳምንት፣ ሰዉ እንደ ወትሮው ባርኮታል፤ እንዲያውም ከወትሮው ጠንከር ያለ ነበር። ስብሐት ሐሙስ ጠዋት «ዛሬም ቀኔን በልሙጥ ጀመርኩ» ብሎ ጽፏል። አክሊል ደወለለት። ስብሐት ስልኩን አንስቶ ገና ሳይጠየቅ ልሙጥ እንደ ሰዓት እየሠራ እንደሆነ አበሰረው። እስቲ አሁን ክፈተውና የሚታይህን ንገረኝ አለው አክሊል። ከወዲያ ማዶ ማውስ ሲጫን ተሰማ። እንደገና ተሰማ።

«ነጭ» አለ ስብሐት። «ደስ የሚል ነጭ ነው።»

አክሊል ስልኩን ዘጋው። ተናደደ፣ ከንዴቱም በላይ አፈረ። ያፈረው በስብሐት ቢሆን ጥሩ ነበር፤ በራሱ ነው ያፈረው። ሰው የማይጠቀምበትን ነገር ሠርቶ፣ ሰው ስለሚወደው ብቻ ሲያጨበጭቡለት ከርሟል። ግሩፕ ሙሉ ሰው ሳምንት ሙሉ በሩ ተዘግቶበት አንድ እንኳ ያንኳኳ የለም። ለሲና እውነቱን መንገር ነው የቀረው። ትሂድ፤ ምን ብሎ ያስቀራታል?

ታክሲ ቀያይሮ ሸጎሌ ደረሰ። የቅዳሜ ገበያ ነው፤ በግ የሚጎትት ሰው እና ሰውን የሚጎትት በግ መንገዱን ሞልተውታል። ወደ ሲና ሰፈር የሚያስገባው መታጠፊያ ላይ የጋሽ ሬድዋን ሱቅ አለ። ባልዲ፣ ጆግ፣ ፌርሙዝ፣ የፕላስቲክ ወንበር፣ ቤት የሚያስፈልገው ሁሉ እስከ ጣራው ተደርድሮበታል። ጋሽ ሬድዋን በሸጎሌ በምላሳቸው ማርነት የታወቁ ሰው ናቸው። ግማሽ ቀን ተከራክሮ ሳይገዛ የሚሄደውን ደንበኛ እንኳ መርቀው ነው የሚሸኙት። ሰው ልጁን ሲቆጣ «እስቲ እንደ ሬድዋን ተናገር» ይለዋል።

አክሊል አንገቱን ደፍቶ ሊያልፍ ሲል ከሱቁ ውስጥ አንድ ድምፅ መንገዱን ሰነጠቀው።

«አንተ! ና ወዲህ!»

አጠገቡ የነበሩ ሰዎች ዞሩ። ድምፁ የጋሽ ሬድዋን መሆኑን ሲያዩ ደግሞ ቆሙ። አክሊል መጀመሪያ ሌላ ሰው የጠሩ መስሎት ወደ ኋላው ተመለከተ። ጋሽ ሬድዋን ግን ያፈጠጡት እሱ ላይ ነበር። ከወራት በፊት የጋሽ ሬድዋንን ኮምፒውተር ጠርጎ ሲያስተካክል ልሙጥን ጭኖባቸው እንደነበር ያስታወሰው ገና ያን ጊዜ ነው። ቴሌግራም የላቸውም፤ ግሩፑ ውስጥም የሉም። እንደ ተጠቃሚ ቆጥሯቸውም አያውቅም።

ገባ። ጋሽ ሬድዋን ተቀመጥ እንኳ ሳይሉት ጀመሩ።

«ምን አድርገኸኝ ነው የሄድከው? እኔ ወላሂ ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ላይ ክፉ ቃል አልወጣኝም። ቀላል መሰለህ? ድሮ እውጠው ነበር፤ ጨጓራዬን የላጠው እሱ ነው። አንተ ይሄን ነጭ ነገር ካስገባህልኝ ወዲህ ግን እጽፈዋለሁ። ሴትዮዋ የሱቁን ባልዲ ሁሉ አስወርዳኝ፣ ዝም ብዬ ላየው ነው ብላ ስትወጣ፣ እሺ እናቴ ሰላም ግቢ እላታለሁ። ከዚያ እዚህ እቀመጥና የልቤን እጽፍላታለሁ። ይወጣልኛል። ሻዬን እጠጣለሁ። ሳምንቱን ሙሉ አልከፈት አለኝ። የት ልጻፈው? በአፌ እየወጣ ነው እኮ!»

የወጣውንም ዘረዘሩለት። ማክሰኞ ከአንዲት የድሮ ደንበኛቸው ጋር ተጣልተዋል። ሐሙስ የጎረቤቱን ባለሱቅ፣ ጥላህን ከሱቄ በር ላይ አንሳ ብለውታል፤ ሰውየው ደንግጦ ታመው እንደሆነ ሚስታቸውን ጠይቋል። ትናንት ደግሞ ከጁምዓ መልስ የሚስታቸው ወንድም ምሳ ሊበላ መጥቶ፣ አንተ ግን ቤት የለህም ወይ ብለውታል። ሚስታቸው ከትናንት ጀምሮ አታናግራቸውም። ይሄ ሁሉ የመጣው በአንተ ነው አሉት።

አክሊል ፊቱ እየበራ ሄደ። ሊይዘው ሞከረ፣ አልቻለም፤ ሳቀ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጋሽ ሬድዋን ይባስ ተናደዱ፤ ቤቴ ፈርሶ ይስቃል እንዴ አሉ። እሱ ግን እጃቸውን ይዞ ይቅርታ ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እንደገና ይናገሩኝ ይላቸው ጀመር። በሩ ላይ የቆሙት ሰዎች ማንኛቸው እንደታመሙ ለመለየት ተቸገሩ።

ከዚያ ለሲና ደወለና አሁኑኑ ጋሽ ሬድዋን ሱቅ ነይ አላት። ለምን ስትለው አንድ የተቆጣ ሰው አለ አላት። ላፕቶፑን ከቦርሳው አወጣ፣ የተደፋ የፕላስቲክ ሣጥን ላይ ተቀመጠና የእሁዱን ማሻሻያ መመርመር ጀመረ። ስህተቱ አሳፋሪ ነበር፤ ሕፃን የማይሳሳተው። አስተካከለው፣ ላከው። ጋሽ ሬድዋን የልሙጥን ምልክት ተጫኑ፣ ነጩ ገጽ መጣ፣ ሳይጠፋም ቆመ። የድሮ ጽሑፋቸውም እንዳለ ነው። ሰውየው አክሊልን ፊትህን አዙር አሉት፤ አዞረ። የኮምፒውተሩ ፊደሎች ለረጅም ጊዜ ሲደበደቡ ተሰማ። ከዚያ ረዥም ትንፋሽ። ሲዞር ጋሽ ሬድዋን በሩ ላይ የቆመችውን ሴትዮ «ምን ልታዘዝ እናቴ» እያሏት ነበር። ድምፃቸው ማር ሆኖ ተመልሷል።

ሲና በነጠላ ጫማ መጣች። ሳሎን ስታጸዳ ነው የተጠራችው፤ ክንዷ ላይ ውሃ አለ። ጋሽ ሬድዋን ለእሷም ከመጀመሪያው ጀምረው ነገሯት፤ አሁን ረጋ ስላሉ አማቻቸውን ትንሽ ቀነስ አድርገው። ሲና የሰማችውን ማመን አቅቷት አንዴ እሳቸውን አንዴ ኮምፒውተሩን ታያለች። ከዚያ ከትከት ብላ ሳቀች። አክሊል ሳምንቱን ሙሉ ሳቋን እንዳልሰማ ልብ ያለው አሁን ነው።

ሳቋ ግን ቶሎ ቆመ። አንድ ነገር እንደገባት ያስታውቃል።

«አንተስ?» አለችው። «ሳምንት ሙሉ ሳይከፈት አንተ እንዴት ሳታውቅ ቀረህ?»

«እ... ማለቴ...» አለ አክሊል።

ማለቱ የትም አላደረሰውም። እሱ የሚያስታውሰውን ነገር የሚጽፈው ስልኩ ላይ፣ ለራሱ በቴሌግራም እየላከ ነው። ሰው ተቀምጦ ሲጽፍ ነው የሚያስበው የሚለው ሰውዬ፣ በታክሲ ውስጥ ቆሞ በአውራ ጣቱ ነው የሚጽፈው። ይህን አንድ በአንድ ነገራት። መሬት ብትውጠው አይጠላም ነበር። ሲናም ወቀሳውን ልትጀምር አፏን ከፈተችና ዘጋችው፤ እሷም ሳምንቱን ሙሉ አልከፈተችውማ። ቦሌዎቹ የጠየቋትን ነገር እንኳ የጻፈችው ደረሰኝ ጀርባ ላይ መሆኑን ነገረችው።

ጋሽ ሬድዋን ቦሌ የሚለውን ሲሰሙ ምን ሆነሽ ነው ቦሌ አሏት። የሥራውን ነገር ነገረቻቸው። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው ማሻአላህ፣ ኸይር ነው፣ አላህ ያሳካልሽ አሉ። አክሊልም ከእሳቸው ቀጥሎ ያው የለመደው ምርቃት ምላሱ ላይ መጣበት። ሊለው ምንም አልቀረውም። ከዚያ የእትዬ መሰለች ፊት፣ የስብሐት «ደስ የሚል ነጭ»፣ ያ ሁሉ የሳምንት ሙሉ ምርቃት ትዝ አለውና አንገሸገሸው።

«አትሂጂ» አላት። «ስትነግሪኝ ደስ አላለኝም። ዋሽቼሽ ነው። ተናድጄ ነው የከረምኩት። የምናደደው ደግሞ ለአፑ ብዬ ብቻ አይደለም።»

ጋሽ ሬድዋን በድንገት የላይኛው መደርደሪያ ላይ ያሉትን ጆጎች መቁጠር አስፈለጋቸው። ሲና ክንዷ ላይ ያለውን ውሃ በቀሚሷ ጠረገች። ጆሮዋ ቀልቷል።

«ሳምንቱን ሙሉ ምን ትጠብቅ ነበር?» አለችው። «ማታ ማታ ስልኬን እያየሁ እኮ ነው የከረምኩት። ያንተን ተባረኪ ይዤ የት ልሂድበት?»

ሲና ከተደረደሩት የፕላስቲክ ወንበሮች አንዱን መዝዛ አወጣችና ከኮምፒውተሩ አጠገብ አስቀምጣ ተቀመጠችበት። ጋሽ ሬድዋን ይሸጣል ሊሉ ነበር፣ ተዉት።

«ሰኞ ደውዬ ይቅርብኝ እላቸዋለሁ» አለች። «አሁን አዲስ ገጽ ክፈትና ጻፍ።»

«ምን ልጻፍ?»

«የማልወደውን።»

አክሊል ሣጥኑን ስቦ ተቀመጠ። ሲና ጣቷን እያጠፈች ጀመረች። ፊደሉ ለአማርኛ ደቃቅ ነው፣ ሰው ያሳውራል። ሲዘጋ ጻፉት አልጻፉት ምንም ምልክት አይሰጥም፤ ሰው አያምነውም። ነጩም ከመጠን በላይ ነጭ ነው፤ እሷው ራሷ የመረጠችው ነው፣ ተሳስታለች። ልሙጥ የሚለውን ስም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አትወደውም፤ ልቡ እንዳይሰበር ብላ ነው ዝም ያለችው። አክሊል ጎኑን የተወጋ ያህል ተሰማው፣ ግን ጻፈው። ከስሙ ስትጨርስ ወደ እሱ ወደ ራሱ ዞረች። በስልክ ስታወራው እሺ እሺ ይላል እንጂ አይሰማትም። ቸርች ውስጥ እሷ ስትዘምር ሆነ ብሎ ማጉያውን እንደሚያስጮኸው ታውቃለች።

አክሊል ፊቱ እየነደደ ሁሉንም ጻፈ። በሩ ላይ አንድ ሰው መጥቶ ፌርሙዝ ጠየቀ፤ ጋሽ ሬድዋን በሹክሹክታ ዋጋውን ነገሩት። አክሊል የመጨረሻውን ጽፎ ወደ እሷ ዞረ።

«እሺ» አለ። «ሌላስ?»